በቁራጭ የተሸጠው ዩኒክስ

ኦገስት 25 ቀን 1980 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያኔ ገና ትንሽ ኩባንያ የነበረው ማይክሮሶፍት አንድ ዜና አሰማ። በዩኒቨርሲቲዎችና በቤተ ሙከራዎች ትልልቅ ማሽኖች ላይ ይሠራ የነበረውን ዩኒክስን ወደ ትንንሾቹ ባለ 16 ቢት ኮምፒውተሮች ሊያወርደው መሆኑን ገለጸ። ልክ በ11 ዓመቱ፣ ኦገስት 25 ቀን 1991፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዩኒክስን የሚመስል፣ በኋላ ሊኑክስ የተባለ ነፃ ሥርዓት በቤቱ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ መሆኑን በኢንተርኔት አሳወቀ። የቀኖቹ መግጠም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል የሆነው ግን አጋጣሚ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ዩኒክስን ለግል ኮምፒውተር የሚሸጡ ኩባንያዎች በእጃቸው የገባውን ግሩም ሥራ ቆራርሰው፣ አስወድደውና አጥረው ሲሸጡ ኖሩ፤ ገበያውን ለተማሪው ያስረከቡትም ራሳቸው ናቸው።

ዩኒክስ ሥርዓተ ክወና ነው፤ ይኸውም የኮምፒውተሩን ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ ስክሪንና ፕሪንተር የሚያስተዳድር፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ በእሱ ላይ ቆመው የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ኒው ጀርሲ ውስጥ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ ጀመሩት። ሁነኛ ማሽን እንዲገዛላቸው ያደረጉት ለድርጅቱ የፓተንት ክፍል የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን ብለው ነበር። በ1973 ደግሞ ሪቺ በፈጠረው ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ጻፉት። የጽሑፍ ማዘጋጃውንና የሲ ቋንቋን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለቱም በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

ዩኒክስን ከሌሎቹ የለየው በተለይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገና ከጥንስሱ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት ታስቦ ተሠራ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ስም፣ የይለፍ ቃልና ፋይሎች አሉት፤ የአንዱ ፕሮግራም ቢበላሽ የሌላው ሥራ አይነካም። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ አጥርተው ይሠራሉ፤ የአንዱ ውጤት በቀጥታ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ያልከፈሉ ደንበኞችን ከዝርዝር ለይቶ፣ በፊደል ተራ ደርድሮና ቆጥሮ ማተም የፈለገ ሰው አዲስ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም፤ ሦስት አራቱን ትንንሽ ፕሮግራሞች በአንድ መስመር ትእዛዝ ያያይዛቸዋል። በዚያው ዘመን በአብዛኛው የግል ኮምፒውተር ላይ የነበረው ኤምኤስ-ዶስ ግን ለአንድ ሰውና ለአንድ ፕሮግራም የተሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ደርቆ ከቀረ ማሽኑን አጥፍቶ ከማስነሳት ሌላ መላ አልነበረም።

የቤል ላብስ ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት ከስልክ ሥራ ውጭ መነገድ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊያወጣው አልቻለም፤ ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ምንጭ ኮዱን ጭምር ይሰጥ ነበር። ተማሪዎች ኮዱን እያነበቡ ተማሩ፣ አረሙት፣ አሻሻሉት። የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ዝርያ እስከ ማውጣት ደረሰ። በጃንዋሪ 1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል ክልከላው ተነሳ፤ ዩኒክስም በሙሉ ልብ ወደ ገበያ ወጣ። ያን ጊዜ የነበረው ስሜት ታላቅ ተስፋ ነበር፤ ትልቁ ሥርዓት በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል የሚል።

ማይክሮሶፍት ቀድሞ ከኤቲ ኤንድ ቲ ፈቃድ ቢገዛም በዩኒክስ ስም የመጠቀም መብት ስላላገኘ የራሱን ምርት ዜኒክስ ብሎ ጠራው። በቀጥታ ለተጠቃሚ አይሸጥም ነበር፤ ለኮምፒውተር አምራቾች ፈቃድ ይሰጣል፣ እነሱ ለየማሽናቸው አስማምተው ይሸጡታል። በዚህ መንገድ ታንዲ ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች በሠራው ሞዴል 16 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ዜኒክስን አቀረበ። ማይክሮሶፍት ራሱም የሠራተኞቹን ኢሜይል ለዓመታት በዜኒክስ ላይ አስኬዷል። በ1983 በወጣው ኤምኤስ-ዶስ 2.0 ውስጥ የገባው ፎልደርን በፎልደር ውስጥ የማስቀመጥ ዘዴም ከዩኒክስ የተወሰደ ነው።

የግል ኮምፒውተሩ፣ የፒሲው፣ ልብ የነበረው የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን ለዩኒክስ ገና አልበቃም ነበር። 8088 የአንዱን ፕሮግራም ሜሞሪ ከሌላው የሚጠብቅ አካል በውስጡ የለውም፤ አንድ የተሳሳተ ፕሮግራም የዩኒክስን እምብርት ከርነልን ራሱን ሊደመስስ ይችላል። ቀጥሎ የመጣው 286 ጥበቃ ቢኖረውም ሜሞሪውን በ64 ኪሎባይት ክፍልፋይ እየቆረጠ ስለሚያቀርብ ፕሮግራመሮችን አሰቃይቷል። ቁልፉ የተፈታው ኢንቴል በ1985 ባወጣው 386 ነው። ይህ ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ከመሆኑም በላይ ሜሞሪን በአራት በአራት ኪሎባይት ገጽ ከፍሎ ያስተዳድራል፣ ከዋናው ሜሞሪ የተረፈውን ዲስክ ላይ ለማቆየት ያስችላል። ቀድሞ በውድ ማሽኖች ብቻ ይገኝ የነበረው ችሎታ አሁን ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ሊያስቀምጠው በሚችለው ዕቃ ላይ መጣ።

ዕድሉን አጥብቆ የያዘው የሳንታ ክሩዝ ኦፐሬሽን ነው፤ በአጭሩ ኤስሲኦ። ላሪ ማይክልስና ልጁ ዳግ በ1979 በካሊፎርኒያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በሳንታ ክሩዝ የመሠረቱት ኩባንያ ነበር። በ1983 ዜኒክስን ለ8088 አስማማ፣ በ1985 ለ286፣ በ1987 ለ386 አወጣው። ማይክሮሶፍት ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞር ዜኒክስን በ1987 ለኤስሲኦ ለቀቀለት፤ በምላሹም ከኩባንያው የአክሲዮን ድርሻ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤስሲኦ ዩኒክስ በሚለው ስም ራሱ የሚጠራ ምርት ይዞ ቀረበ።

የንግድ ዩኒክስ በግል ኮምፒውተር ላይ ያሳየው ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚህ ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ ነው። አንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር፣ ፋርማሲ ወይም የሐኪም ቤት ስምንት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ መዝገብ እንዲያይና ደረሰኝ እንዲቆርጥ ቢፈልግ ሁለት አማራጭ ነበረው። አንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣ ሚኒኮምፒውተር መግዛት ነው። ሌላው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ፒሲ ገዝቶ በኔትወርክ ማገናኘት ነው፤ ይህም ወጪ አለው፣ ችግሩም አያልቅም። ኤስሲኦ ሦስተኛ መንገድ ከፈተ። አንድ 386 ኮምፒውተር ጥግ ላይ ይቀመጣል። በውስጡ ብዙ የኬብል መውጫ ያለው ካርድ ይሰካል። ከዚያ በየጠረጴዛው ዋይዝን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የሠሯቸው ርካሽ ተርሚናሎች ይዘረጋሉ። ተርሚናል ማለት ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው ጥግ ላይ ባለው በአንዱ ማሽን ነው። አንድ ተርሚናል ቢበላሽ ነቅሎ ሌላ መተካት ነው፤ የጠፋ ፋይል የለም። መጠባበቂያ ቅጂ ሲያስፈልግም ማታ አንድ ካሴት ማስገባት ይበቃል፣ የቤቱ መረጃ ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ነውና።

እንዲህ ያሉ ማሽኖች ለወራት ሳይጠፉ ሲሠሩ ይቆዩ ነበር። የሱቁ ሠራተኞች ከጀርባ ዩኒክስ መኖሩን እንኳ ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጠዋት ስማቸውን አስገብተው የሚያዩት የሽያጭ ፕሮግራሙን ገጽ ብቻ ነው። ለሶፍትዌር ሻጩም ይመቻል። ችግር ሲፈጠር ከሌላ ከተማ ሆኖ በስልክ ሞደም ይገባና ባለሱቁ ሳይነሳ ያስተካክለዋል። በዶስ ዓለም ይህን ማድረግ ብዙ መላ ይጠይቅ ነበር።

ኢሜይልም ሌላው ፀጋ ነው። ዩኒክስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዩዩሲፒ የሚባል ዘዴ ነበረው፤ ማሽኑ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት በሌሊት ራሱ ለሌላ ማሽን ይደውልና ደብዳቤና ፋይል ይለዋወጣል። ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት በፒሲ ላይ ዩኒክስ የጫነ ትንሽ ድርጅት ከሌላ አህጉር ጋር ይጻጻፍ ነበር። የዶስ ፕሮግራሞቹን መተው ለከበደው ደግሞ ቪፒ/አይኤክስና መርጅ የሚባሉ ሶፍትዌሮች ነበሩ፤ የ386ን ልዩ ችሎታ ተጠቅመው ዶስን ራሱን እንደ አንድ ተራ ፕሮግራም በዩኒክስ ውስጥ ያስኬዱታል። በ1994 ፒዛ ኸት ሰዎች በኢንተርኔት ፒዛ እንዲያዙ ያደረገበት ፒዛኔት የተባለ ሙከራ የቆመውም በኤስሲኦ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ የተሞከረውም በዚያችው በሳንታ ክሩዝ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ያለው ዕቃ ለምን አስመረረ?

ምሬቱ የሚጀምረው ከግዢው ነው። ዜኒክስ በሦስት የተለያየ ጥቅል ይሸጥ ነበር። አንዱ ዋናው ሥርዓት፣ ሁለተኛው ፕሮግራም መሥሪያው፣ ሦስተኛው የጽሑፍ ማዘጋጃው። ዩኒክስ በቤል ላብስ መጀመሪያ ገንዘብ ያገኘበት የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ሥርዓቱ ራሱ የተጻፈበት የሲ ኮምፓይለር፣ ሁለቱም ተነጥለው በየራሳቸው ዋጋ ወጡ። ምጣዱን ሸጦ ለአክንባሎው ሌላ ሂሳብ እንደመጠየቅ ነው። በኋላም ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ቲሲፒ/አይፒ ሌላ ጥቅል ሆነ፤ መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚያሳየው ኤክስ ዊንዶው ሌላ ጥቅል። ዶስ መቶ ዶላር ገደማ በሚያወጣበት ዘመን ሙሉውን ዩኒክስ የፈለገ ሰው ከ1,000 ዶላር በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ያወጣ ነበር።

ዋጋው በሰው ቁጥርም ይለያያል። ለሁለት ተጠቃሚ የተፈቀደ አለ፣ ቁጥር ያልተገደበበትም አለ። ሁለቱ ቅጂዎች በሥራቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሦስተኛው ሰው እንዳይገባ የተደረገው ገደብ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ማሽን እንዲገለገል የተፈጠረን ሥርዓት ለሁለት ሰው ብቻ መቁረጥ የሥርዓቱን ዋና ጥቅም መልሶ መውሰድ ነበር። ገዢው በደርዘን የሚቆጠሩ ፍሎፒ ዲስኮችን በተራ እያስገባ፣ ለየጥቅሉ የተከታታይ ቁጥርና የማግበሪያ ቁልፍ እየተየበ ቀኑን ይፈጃል። ከዲስኮቹ አንዱ መሃል ላይ ካልተነበበ ከሻጩ ምትክ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ኮምፓይለሩን መነጠል ነው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ያለ እሱ የዩኒክስ ባህል ሊኖር አይችልም። በዩኒቨርሲቲዎች ተሠርተው በነፃ የሚሰራጩ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የሚሰራጩት ግን በምንጭ ኮድ መልክ ነው። ኮምፓይለር የሌለው ሰው ሊጠቀምባቸው አይችልም። ሻጮቹ እንደ ተጨማሪ የገቢ ምንጭ ያዩት መሣሪያ ለወጣቱ ፕሮግራመር የመግቢያው በር ነበር። በሩን በብዙ መቶ ዶላር ሲዘጉት ነገ ለሥርዓታቸው አዳዲስ ሶፍትዌር የሚጽፍላቸውን ትውልድ ከውጭ አስቀሩት። ዩኒክስን ለፒሲ የሸጡት ኩባንያዎች ከሠሯቸው ስህተቶች ሁሉ ገበያውን የገደለው ይህኛው ነው።

የዕቃ መግጠም ጉዳይም አለ። ፒሲ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፋብሪካዎች የሚሠራ ማሽን ነው፤ የዲስክ መቆጣጠሪያው፣ የስክሪን ካርዱ፣ የኔትወርክ ካርዱ ከየትም ሊመጣ ይችላል። እያንዳንዱ ካርድ ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ሾፌር፣ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። አምራቾቹ ለዶስ ይጽፋሉ፤ ለዩኒክስ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚጨነቁት። ስለዚህ ገዢው ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ሻጩ ያጸደቃቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ማንበብ ነበረበት። ሾፌር ተገኝቶ ሲገባ ደግሞ ከርነሉ እንደ አዲስ መገጣጠምና ማሽኑ መነሳት አለበት። አዲሱ ከርነል አልነሳ ካለ፣ አሮጌውን ያላስቀመጠ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። ለእርዳታ የሚደወልበት ስልክ አለ፤ እሱም በክፍያ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሌላ መንገድ እንደሚቻል ያሳየ አንድ ቤት ነበረ። ቺካጎ የሚገኘው ማርክ ዊሊያምስ ኩባንያ በሮበርት ስዋርትዝ ይመራ ነበር፤ ኋላ በኢንተርኔት ነፃነት ትግሉ የታወቀው የአሮን ስዋርትዝ አባት ነው። ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲን ኮድ ሳይነካ ዩኒክስን የሚመስል ኮሂረንት የተባለ ሥርዓት ከባዶ ጻፈ። ኤቲ ኤንድ ቲ ተጠራጥሮ ዴኒስ ሪቺን ጭምር ልኮ አስመረመረ፤ ሪቺም የተገለበጠ ኮድ አላገኘም። በ1990 ኮሂረንት ለ286 ማሽኖች በ99.95 ዶላር ወጣ፤ በዚህ ዋጋ ኮምፓይለሩ፣ የጽሑፍ መሣሪያዎቹና የሌሊት ደብዳቤ መለዋወጫው ሁሉ ይካተታሉ። አብሮት ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው፣ በፊደል ተራ እንደ መዝገበ ቃላት የተደራጀ ማኑዋል ይመጣል። ብዙ ወጣቶች ዩኒክስን የተማሩት ከዚህ መጽሐፍ ነው። ጉድለት ነበረበት፤ የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አልነበረውም፣ በትልልቆቹ ፊት ትንሽ ነበር። ይሁንና ለተራው ሰው የተሰጠ ክብር በውስጡ ነበረ። ኩባንያው በ1995 ተዘጋ።

ትልልቆቹ በዚያን ጊዜ እርስ በርስ ይናከሱ ነበር። በ1988 ኤቲ ኤንድ ቲና የኮምፒውተር አምራቹ ሰን በአንድ ወገን ሲቆሙ አይቢኤም፣ ኤችፒና ዲጂታል ኦፕን ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሥርተው በሌላ ወገን ተሰለፉ። አንዱ ኦፕን ሉክ የሚባል የስክሪን ገጽታ ሲያወጣ ሌላው ሞቲፍ አለ። ፕሮግራም ጸሐፊው ለየትኛው እንደሚጽፍ ግራ ገባው። በፒሲው ሰፈር ደግሞ ሻጩ በዛ፤ ኢንተርአክቲቭ አለ፣ ኢሲክስ አለ፣ ዴል ሳይቀር የራሱን ዩኒክስ ይሸጥ ነበር። ኢንተርአክቲቭን በ1988 የገዛው የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሰን ተሸጋገረ። ሰን በ1993 ሶላሪስ የተባለውን ዩኒክሱን ለኢንቴል ማሽኖች ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ኮምፓይለሩን ነጥሎ መሸጥ ከጀመሩት አንዱ ነበር። የሶፍትዌር ኩባንያው ኖቬል በ1993 የዩኒክስን ባለቤትነት ከኤቲ ኤንድ ቲ ገዛ፤ ለፒሲ ያዘጋጀው ዩኒክስዌር የግል ቅጂም የተጠቃሚ ገደብ ያለበትና ኮምፓይለር የሌለው ነበር። የሌሎቹ ስህተት በዓይኑ ፊት እያለ ደገመው። በዚያው ዓመት በጁላይ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲን አወጣ፤ አንድ ሻጭ፣ አንድ ገጽታ ያለውን።

ስቲቭ ጆብስም በዚሁ ዓመት የኩባንያውን የኔክስትን ሥርዓት፣ ኔክስትስቴፕን፣ ወደ ኢንቴል አመጣው። መሠረቱ ዩኒክስ ነው፤ ላዩ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ ያማረና ለፕሮግራመር የተመቸ። ቲም በርነርስ-ሊ በ1990 የመጀመሪያውን የድር አሳሽ (ብራውዘር) የጻፈው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። ዋጋው ግን ከተራ ገዢ አቅም በላይ ነበር፤ የሚሄድባቸውም ማሽኖች የተመረጡ ነበሩ።

የበርክሌይ ዝርያም ለፒሲ የሚመጣበት ዕድል ነበረው። ቢኤስዲአይ የተባለ ኩባንያ ምንጭ ኮዱን ጭምር በ995 ዶላር ማቅረብ ሲጀምር የኤቲ ኤንድ ቲ የዩኒክስ ክፍል በ1992 ከሰሰው። ክርክሩ እስከ 1994 መጀመሪያ ዘለቀ። በመጨረሻ በተደረሰው ስምምነት 18,000 ከሚሆኑት ፋይሎች ውስጥ እንዲወጡ የተደረጉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ስለ ሦስት ፋይል ሁለት ዓመት ጠፋ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ፕሮግራመሮች በክስ ያልተነካ ሥርዓት ፍለጋ ወደ ሌላ ዞሩ።

የዞሩት ወደ ሄልሲንኪው ተማሪ ነው። ቶርቫልድስ በ1991 መጀመሪያ 386 ኮምፒውተር ሲገዛ በዩኒቨርሲቲ የለመደውን ዩኒክስ ለቤቱ ይፈልግ ነበር፤ የሚሸጠው ግን ከተማሪ ኪስ በላይ ነበር። የበርክሌዩ ነፃ ቅጂ ለ386 ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሊኑክስን ምናልባት ባልጻፍኩት ነበር ሲል በኋላ ተናግሯል። ከርነሉን እሱ ሠራ። ኮምፓይለሩ ግን ከ1987 ጀምሮ በነፃ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር፤ የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋቹ የሪቻርድ ስቶልማን ጂሲሲ። ሻጮቹ በውድ ዋጋ የቆለፉት መሣሪያ በነፃ ሲገኝ መቆለፊያቸው ትርጉም አጣ። በማርች 1994 ሊኑክስ 1.0 ወጣ፤ ኮምፓይለሩ፣ ኔትወርኩ፣ መስኮቶቹና የጽሑፍ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ሲዲ በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር ይገኙ ጀመር። ለኤስሲኦ የተጻፉ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ማስማሚያም ተሠራለት፤ ደንበኛው የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ይዞ መሻገር ቻለ።

የዚያ ዘመን ሥርዓቶች አንድ ሌላ ጉድለት የግእዝን ፊደል በቀጥታ ይነካል። የዩኒክስ ደብዳቤ የሚጓዘው 128 ምልክት ብቻ በሚይዘው የአስኪ ሰሌዳ ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ ምልክት ላለው ፊደላችን ቦታ የለውም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን፣ ግእዝን በላቲን ፊደላት ወክሎ በደብዳቤ የሚልክ ዘዴ ያዘጋጁት በዚህ ችግር ምክንያት ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ ቦታውን አገኘ። እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ባይት ተሸክሞ ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር የሚያጓጉዘው ዩቲኤፍ-8 የተባለው ዘዴ ደግሞ በ1992 የተቀየሰው በሮብ ፓይክና በራሱ በዩኒክስ አባት በኬን ቶምሰን ነው። ለሁሉም ክፍት አድርገው ስላወጡት ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይገለገልበታል።

የኤስሲኦ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። ኩባንያው የዩኒክስ ሥራውን በ2001 ካልዴራ ለተባለ የሊኑክስ ድርጅት ሸጠ። ገዢው ስሙን ኤስሲኦ ግሩፕ ብሎ ለውጦ በማርች 2003 አይቢኤምን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ከሰሰ፤ የዩኒክስ ኮድ ወደ ሊኑክስ ገብቷል ነው ክሱ። በ2007 ኪሳራ አወጀ። በ2010 የጁሪ አባላት የዩኒክስ የቅጂ መብት የኖቬል እንጂ የእሱ አለመሆኑን ወሰኑ። ከአይቢኤም ጋር የነበረው ክርክር የተዘጋው በ2021 በ14.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው። የሳንታ ክሩዝ መሥራቾች በዚህ ሙግት ውስጥ አልነበሩም፤ ስማቸውን ያቆሙበት ቤት ግን የሚታወሰው በእሱ ሆነ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ በአንድ በአንድ 386 ብዙ ሱቅ ያስተዳደሩ ሰዎች የተሻለ መታሰቢያ ይገባቸዋል።

ከንግድ ዩኒክስ በግል ኮምፒውተር ላይ ጸንቶ የቆየው የኔክስት ልጅ ነው። አፕል ኔክስትን ለመግዛት በ1996 መጨረሻ ተስማማ፤ በማርች 2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.0 ወጣ። በ2007 የወጣው 10.5 ደግሞ የዩኒክስ ስም ባለቤት የሆነው ኦፕን ግሩፕ የሚሰጠውን ማረጋገጫ አገኘ። ዛሬ ማክ የያዘ ሰው ሁሉ ቶምሰንና ሪቺ የጀመሩትን ሥርዓት ወራሽ ይጠቀማል፤ ተርሚናል የሚለውን ፕሮግራም ከፍቶ እነዚያኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች ማያያዝ ይችላል። አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ኔክስት ለብቻ በውድ ይሸጠው የነበረውን የፕሮግራመር መሣሪያ አፕል ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ በነፃ ሰጠ። ኤስሲኦና ኖቬል እምቢ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ካልዴራ በ2002 ከ1970ዎቹ የተረፉትን የጥንት ዩኒክስ ቅጂዎች ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። የኮሂረንት ኮድ በ2015 በነፃ ፈቃድ ወጣ፤ ተማሪ ዛሬ አውርዶ አንድ ሥርዓተ ክወና ከባዶ እንዴት እንደተጻፈ ሊያነብ ይችላል። ለ8088ና ለ286 በተጻፈ ዜኒክስ፣ በኢንተርአክቲቭም ሆነ በዴል ዩኒክስ ዛሬ የሚነግድ የለም። መብቱ በእጃቸው ያለ ኩባንያዎች ኮዱን ከነማኑዋሉ ለተማሪዎችና ለታሪክ ጸሐፊዎች ሊከፍቱት ይገባል፤ ፍሎፒ ዲስኮቹ በየዓመቱ እየተበላሹ ናቸውና ጊዜው አሁን ነው።